ሰፌዴ ላይ የሸናችው ድመት

ያን ዕለት ጠዋት ጥጥ እያባዘትኩ ነበር። ባለፈው ክረምት ነው፣ ፍልሰታ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው። ዝናቡ አላባራ ብሎ እንጦጦ ጉም ውስጥ ገብቶ አይታይም። በሩን ገርበብ አድርጌ፣ ብርሃኑ ያለበት ቁጭ ብዬ፣ ጥጡን ከሰፌዱ እያነሳሁ በጣቴ ሳሳሳ እጄ እርጥብ ነገር ነካ። አሸተትኩት። የድመት ሽንት ነው።

ነገሩ ትንሽ ነው። የሰማው ሁሉ ስቆብኛል። እኔ ግን ያን ቀን አልረሳውም። ድመቷን ልመልሳት ቆርጬ የወጣሁበት ቀን ነው። መልሻት ብመጣ ኖሮ ይሄ ቤት ምን ይመስል ነበር እያልኩ አሁንም ቁጭ ብዬ አስባለሁ።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ይሄን የምትጽፍልኝ የልጄ ልጅ ሰላም ናት። እሁድ ስትመጣ እኔ አወራለሁ፣ እሷ ስልኳ ላይ ትጽፋለች። አታሳምሪው፣ እንደ ወጣ ጻፊው ብያታለሁ።

ጉለሌ የመጣሁት በጋብቻ ነው። ድሮ ይሄ ግቢ ሰው በሰው ነበር። መንገዱ ሲሰፋ ግማሹ ሰፈር ተነሳ፣ ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሄደ፣ የሞተውም ሞተ። ባለቤቴም አረፈ። የሰላም እናት እዚያ ማዶ ቱሉ ዲምቱ ነው የምትኖረው። ትደውላለች። «እማዬ በላሽ?» ትለኛለች። «በልቻለሁ» እላታለሁ። በቃ፣ ይዘጋል።

አንዳንድ ቀን አፌን ሳልከፍት ይመሽ ነበር። ዘይነባ ሱቅ ሄጄ ስኳር ስጪኝ ስላት ድምፄ ሻክሮ የሌላ ሰው ይመስለኛል።

ዘይነባ ጎረቤቴ ናት፣ የወሎ ልጅ። ሱቋ ከግቢው በር ላይ ነው፣ የምትተኛበት ቤቷ ደግሞ ከኔ ጋር በአንድ ግድግዳ ነው የተለየው። ጭቃ ነው። ልጆቿ ሲጣሉ ይሰማኛል፣ ባሏ ሲያንኮራፋ ይሰማኛል። ከኔ በኩል ግን ምን ይሰማታል? የሚሰማ ነገር አልነበረኝም።

ሥራዬ ፈትል ነው። ድሮም እፈትል ነበር፣ አሁንም ዓይኔ እስከ ፈቀደ ድረስ እፈትላለሁ። የፈተልኩትን ሽሮ ሜዳ ለዘለቀ እወስድለታለሁ። ዘለቀ ሸማኔ ነው፣ ልጄ የሚሆን ሰው፣ ቀልደኛ። እሱ ጋ ስሄድ ትንሽ አወራለሁ።

ድመቷንም የሰጠኝ እሱ ነው። አይጥ ኮርኒሱን በስቶ እየወረደ ባዘቶዬን ይቦጭቀው ነበር፣ ያባዘትኩትን ጥጥ ማለቴ ነው። ይሄን ስነግረው ሳቀና ከሽመና ዕቃው ሥር እጁን ሰዶ አንዲት ግራጫ ነገር አወጣ። ጡጫ አታክልም። «እናቷ እዚሁ ወልዳ እያሳደገች ነው። ወንድሞቿን ሰው ወስዷቸዋል። እቺን እርስዎ ይውሰዷት እማማ፣ አይጡንም ትበላለች፣ እርስዎንም ታጫውታለች» አለኝ።

ወሰድኳት። የት ታጫውተኛለች። ቤት እንደገባች ከቁምሳጥኑ ኋላ ተወሸቀች። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ ትንቀጠቀጣለች። የግቢው በር ኳ ሲል ትንቀጠቀጣለች። ወተት አስቀምጬ ዞር ካላልኩ አትበላም። ስም እንኳ አላወጣሁላትም። ስም ካወጣሁላት መመለሱ ይከብደኛል ብዬ ነው።

የሽንቷን ነገር ደግሞ ምኑን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ሳፋ ውስጥ አመድ አድርጌ በሩ አጠገብ አስቀመጥኩላት። እናቴ ቤት ድመት አመድ ላይ ነበር የምትቀመጠው። እቺ ዞር ብላም አላየችውም። ሰላም ስትመጣ ስልኳን አየችና «አያቴ፣ ለድመት ተብሎ የሚሸጥ አሸዋ አለ» ብላ ከሱፐርማርኬት ገዝታ አመጣችልኝ። ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ድመቷ አንዴ ቀርባ አሸተተችው፣ አስነጠሳት፣ ተመልሳ ከቁምሳጥኑ ኋላ ገባች። ሰላም፣ አትቆጪ፣ ይሄንንም ጻፊው።

የምትሸናው የት መሰላችሁ? ጥጥ ላይ። ቅርጫት ውስጥ ያለ ጥጥ፣ ሰፌድ ላይ ያለ ጥጥ፣ ትራስ። አንድ ቀን ደግሞ አልጋዬ ግርጌ አጣጥፌ የማስቀምጠው የባለቤቴ ጋቢ ላይ። እሱን ሳይ አለቀስኩ። በሳሙና አጠብኩት፣ በክረምት የት ይደርቃል፣ ቤት ውስጥ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ሰነበተ። ወለሉን በበረኪና አጥባለሁ፣ ሳፋውን በበረኪና አጥባለሁ። ባጠብኩ ቁጥር እሷ ከሳፋው ትርቃለች። ቤቱ እኔንም ዓይኔን ያቃጥለኝ ጀመር።

ሆን ብላ ነው አልኩ። ጠልታኛለች አልኩ። ሰው የሌለው ቤት አልተመቻትም አልኩ። ብቻውን የሚውል ሰው እንዲህ ያለ ሐሳብ ይመጣበታል።

ዘይነባ ሱቅ ሄጄ ነገሩን ሳወራ እዚያ ዳቦ የሚገዙ ሴትዮ «አፍንጫዋን እዚያው ሽንቷ ላይ ማሸት ነው፣ ሁለተኛ አይለምዳትም» አሉኝ። ሌላም ሰው እንደዚያው ነው ያለኝ። እቤት ገብቼ አንገቷን ይዤ አነሳኋት። ልቧ በእጄ ላይ ድው ድው ይላል። እንዲያ ዓይነት አመታት አላውቅም፣ ከሰውነቷ ልቧ የሚበልጥ መሰለኝ። አላሸሁም። አስቀመጥኳት።

ከዚያ ወዲህ ማውራት ጀመርኩ። «ምን አደረግሁሽ? ምን አጎደልኩብሽ? ይሄውልሽ ሳፋው፣ ይሄውልሽ አሸዋው» እላታለሁ። ስፈትልም አወራላታለሁ። ቁምሳጥኑን ነው የማወራው፣ እሷ አትታይም።

አንድ ማለዳ ዘይነባ በር ላይ አገኘችኝና «እማማ አስካለ፣ እንግዳ አለብዎት እንዴ?» አለችኝ።

አፈርኩ። አሮጊት ቁጭ ብላ ለድመት ታወራለች ሊባል ነው። «ኧረ ሬዲዮ ነው» አልኳት።

ሬዲዮስ የለኝም። የባለቤቴ ሬዲዮ ቁምሳጥኑ ላይ አለ፣ ከተበላሸ ቆይቷል። ዘይነባ ግን «እሺ» ብላ ሄደች።

እንግዲህ ያን ጠዋት እጄ እርጥቡን ጥጥ ሲነካ በቃኝ። የዘለቀ ደንበኛ ለሠርግ ጋቢ አዝዛ፣ ማጉ ያስካለ ፈትል ካልሆነ አልፈልግም ብላ፣ እሱም እየጠበቀኝ ነበር። ጥጡ እንዳለ ተበላሸ። ጣልኩት። የደረሰውን ፈትል ልቃቂቱን በፌስታል ጠቀለልኩ። ድመቷን ከቁምሳጥኑ ኋላ በመጥረጊያ እንጨት አስወጥቼ ዘምቢል ውስጥ ከተትኳት። ከላይ ነጠላ ሸፈንኩ። ልቃቂቱንም አብሬ ከጎኗ አደረግሁት፣ ሌላ ዕቃ መያዝ አልቻልኩም።

ታክሲ ውስጥ መንገዱን ሙሉ አለቀሰች። ሰዉ ዞር ዞር ይላል። አንዲት ትንሽ ልጅ ከእናቷ ጭን ላይ ሆና «ስሟ ማነው?» አለችኝ።

«ስም የላትም» አልኳት።

«ለምን?»

ነጠላውን መልሼ አስተካከልኩ። እናትየው «ተይ፣ አታድክሚያቸው» አለቻት። እኔም በመስኮት ዝናቡን አየሁ።

ዘለቀ ከሸማኔ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ አየኝ። ሸማኔ ሲሠራ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰድዶ ነው የሚቀመጠው፣ መርገጫው እታች ነው። እዚያ ቤት ሁለት ጉድጓድ አለ። አንዱ የወንድሙ ነው፣ ወንድሙ ለክረምቱ አገሩ ጋሞ ስለሄደ ባዶውን ነበር።

«እማማ፣ በዚህ ዝናብ?» አለኝ።

«ልጅህን ይዤልህ መጥቻለሁ» አልኩት። «አልሆነችኝም። ጥጤን ጨረሰችው።»

«በላችው?»

«ሸናችበት።»

ሳቁ አላቆም አለ። «ታዲያ ጋቢው የሽንት ሊሆን ነው በሉኛ። ሙሽራው ይግደለኝ?» አለ። እኔ ግን አልሳቅሁም። እሱም አየኝና ተወው። «ችግር የለም እማማ፣ ጥለት የምትሸጠዋ ጎረቤቴ ድመት ስትፈልግ ነበር። ዛሬውኑ ትወስዳታለች» አለኝ።

ይሄን ሊሰማ ነው የመጣሁት። ስሰማው ግን ዘምቢሉን ወደ ደረቴ ሳብ አደረግሁት።

ዘምቢሉን መሬት ላይ አስቀምጬ ነጠላውን ገለጥኩት። ድመቷ ተስፈንጥራ ወጣች። እኔ በር የምታመልጥ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ግራ ቀኝ ሳትል፣ ቤቱን እንደሚያውቅ ሰው፣ በቀጥታ ባዶው ጉድጓድ ውስጥ ገባች።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጨለማ ነው። ጥግ ላይ ከሽመናው የሚረግፈው የክርና የጥጥ ብናኝ ከደረቅ አፈር ጋር ተደባልቆ ተከምሯል። እሷ እሱን በእጇ ጫር ጫር አደረገችው። ዞረች። ቁጢጥ አለች። ጨረሰች። ከዚያ በሥነ ሥርዓት ሸፈነችው፣ አሸተተችው፣ እንደገና ሸፈነችው።

ዘለቀም አንገቱን አስግጎ አየ።

«እናቷም እዚያው ነበር የምትሸናው» አለ ዘለቀ። «ሌላ የትም አታውቅም። ወንድሜ ሲመለስ ሊገድለኝ ነው።»

በርጩማ ስቦ አስቀመጠኝ። ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ይቺ ልጅ ክፋት የላትም። እናቷ ያሳየቻትን ነው የምትፈልገው። ለስላሳ፣ ጥጥ ጥጥ የሚል፣ ጨለማ ቦታ። እኔ ቤት እሱን የሚመስለው የኔ ሰፌድ ነው። እኔ ደግሞ ሳፋውን ሰው የሚያልፍበት በር ሥር፣ ቆርቆሮው ኳ ኳ የሚልበት አስቀምጬ፣ በረኪና ደፍቼበት፣ ነይ ሽኚ እላታለሁ።

ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሰላም፣ ይሄን ለእናትሽም ነግሬያት አላውቅም፣ ግን ጻፊው።

እኔ በሙሽርነቴ ከገጠር ስመጣ እዚህ ግቢ ሽንት ቤቱ የጋራ ነበር። ለዚያ ሁሉ ቤት አንድ። በሩ አይዘጋም፣ ወንዱ ሴቱ ደጁ ላይ ተራ ይጠብቃል። እኔ ያደግሁት ሜዳ ወጥቼ፣ ከቁጥቋጦ ኋላ ነው። ሰው እያየኝ አልችልም። ቀኑን ሙሉ ይዤ እውላለሁ፣ ሲመሽ አመመኝ እላለሁ። ለማን እነግራለሁ? የማውቀው ሰው የለኝ። ባለቤቴ ራሱ እንግዳዬ ነው። እሱ ግን ገባው። ምንም ሳይለኝ፣ ማለዳ ማለዳ ከኔ ጋር ይነሳና ጋቢውን ዘርግቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ በሩ ላይ ይቆምልኝ ነበር። ሰው ሲመጣ ያስላል። እስክለምድ ድረስ እንዲህ አደረገ። ስለዚህ ነገር አንድ ቀን አውርተን አናውቅም።

«ዘለቀ» አልኩት። «ለጥለት ሻጯ እንዳትነግራት።»

«ኧረ?»

«ፌስታል አለህ?»

ፌስታል ሰጠኝ። ከጉድጓዱ ያን ብናኝና አፈር እየዛቅህ ሙላልኝ አልኩት። መጀመሪያ የቀለድኩ መሰለው። በኋላ ወርዶ ሞላልኝ። «ሰው ሽሮ ሜዳ መጥቶ ነጠላ ይዞ ይሄዳል፣ እማማ አስካለ ጥራጊ ይዘው ይሄዳሉ» አለ። «እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም» አለ። ያን ጊዜ እኔም ሳቅሁ።

ድመቷ ግን ከጉድጓዱ አልወጣ አለች። ጠራኋት፣ አልመጣችም። በምን ስም እጠራታለሁ? ዘለቀ ሊያወጣት እጁን ሲሰድ ተወው አልኩት። በግድ አንድ ጊዜ ወስጃታለሁ፣ አሁን ደግሞ በመጥረጊያ እንጨት አውጥቻታለሁ። እዚሁ ይሻለኛል ካለች ምን አደርጋለሁ፣ ቤቷ ነው። ባዶ ዘምቢል ይዤ መሄዱም ግን አልሆነልኝም። ቁጭ አልኩ። ዘለቀ ሥራውን ቀጠለ። መወርወሪያው ወዲህ ወዲያ ይላል።

ዝናቡ አባራ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ራሷን ብቅ አደረገች። ቤቱን አየች። እናቷ የለችም፣ ለአደን ወጥታ ይሁን ሌላ እንጃ። ወጣችና ለዘለቀ ከፌስታሉ አውጥቼ ዘምቢሉ አጠገብ ያስቀመጥኩለትን ልቃቂቴን አሸተተችው። እዚያው ላይ ተጠመጠመች። ወደ እኔ አልመጣችም፣ ውሸት አልናገርም። ፈትሌ ላይ ነው የተኛችው። ግን እሱም የኔ እጅ ሽታ ነው።

ዘለቀ «እማማ፣ እሱንም ሳትሸናበት ይውሰዷት» አለኝ።

ታክሲ ውስጥ እንደገና አለቀሰች። ነጠላውን ገልጬ «ዝም በይ ባዘቶ» አልኳት። እንዲሁ አፌ ላይ መጣ። ግራጫና ነጭ፣ ጸጉሯ ብን ብን የሚል ናት፣ ባዘቶ ትመስላለች። ያቺ የታክሲዋ ልጅ አብራኝ ብትሆን ብዬ ተመኘሁ።

ቤት ገብቼ ሳፋውን በውሃ ብቻ አጠብኩት። አልጋዬ ሥር፣ ከበሩ ራቅ አድርጌ፣ ጥጉ ጋ አስገባሁት። የዘለቀን ጥራጊ ገለበጥኩበት። ከገመዱ የባለቤቴን ጋቢ አወረድኩ። አሁንም እርጥብ እርጥብ ይላል። ከአልጋው ጠርዝ ወደ ታች ጣል አድርጌ እንደ መጋረጃ ጋረድኩላት። ባዘቶዬን ክዳን ባለው ሣጥን አደረግሁ።

ያን ቀን ምንም የለም። ከቁምሳጥኑ ኋላ ናት። ይዛ ትታመምብኛለች ብዬ ተጨነቅሁ።

በማግስቱ ጠዋት ጀርባዬን ለአልጋው ሰጥቼ መፍተል ጀመርኩ። ዞሬ አላየሁም። ዘይነባ በሩን አንኳኩታ «እማማ፣ ዳቦ ትኩስ መጥቷል» ስትለኝ፣ እንዳትገባ ብዬ በእጄ ምልክት አሳየኋት። ግራ ገብቷት ሄደች። ከዚያ ከኋላዬ ጫር ጫር የሚል ድምፅ ሰማሁ። እንዝርቴን ያዝ አደረግሁ። ጸጥ አለ። እንደገና ጫር ጫር አለ።

ባለቤቴ ሰው ሲመጣ ያስል እንደነበረው እኔም ሳል አደረግሁ። ሆን ብዬ ነው።

«ጎበዝ ባዘቶ» አልኩ። ለማን እንደምነግረው ግን አላወቅሁም። እንዲህ ያለ ነገር ለልጄ ደውዬ አልነግራትም፣ ሥራ ላይ ናት። እስከ እሁድ ለሰላም ያዝኩት።

ቀስ በቀስ ጥራጊውን ከጓሮ አፈር ጋር እየቀላቀልኩ አሁን አፈር ብቻ ሆኗል። በረዶ ሲጥልና ነጎድጓድ ሲሆን አሁንም ትሳሳታለች። ያኔ አጥባለሁ፣ በቃ። የሠርጉም ጋቢ ደርሷል፣ ዘለቀ ንጹሕ ነው ብሎ ምሎላቸዋል። አይጡ ግን አሁንም አለ። ባዘቶ አይጥ ስታይ እኔ ቀሚስ ሥር ትገባለች።

ብቸኝነቱ ሄደልሽ ወይ ብላ ሰላም ትጠይቀኛለች። አልሄደም። ድመት ባል አትሆንም፣ ጎረቤት አትሆንም። ማታ ማታ አሁንም ከበሩ ኋላ ሆኜ የድሮ ሰዎቼን ድምፅ እየጠበቅሁ የማመሽ ይመስለኛል። ግን ጠዋት ስነሳ አፌን የምከፍትበት ነገር አለ። እንደ ዱሮው ድምፄ አይሻክርም። ያን ቀን ባዶ ዘምቢል ይዤ ብመለስ ኖሮ እያልኩ ሳስብ ያስፈራኛል።

በቀደም ዘይነባ ሱቅ ስኳር ልገዛ ሄድኩ። ሰው አልነበረም። ባዘቶ ተከትላኝ መጥታ ደፉ ላይ ቆማለች። ዘይነባ አየቻትና ሳቅ አለች። «ይቺ ናት ሬዲዮዋ?» አለችኝ።

መሬቱን አየሁ። «አውቀሽ ኖሯል» አልኳት።

«እማማ አስካለ፣ ያን ሬዲዮ ጋሼ በሕይወት እያሉ ባለቤቴ አይደል ከፍቶ አይቶ አይሆንም ያላቸው?» አለች። ስኳሩን አስራ ሰጠችኝ፣ እጇን ግን ከፌስታሉ አላነሳችም። «ጋሼ ካረፉ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሱቅ ከመክፈቴ በፊት ግድግዳው ላይ ጆሮዬን ለጥፌ እቆም ነበር። ሳልዎን እስክሰማ ድረስ። ወላሂ፣ ሳይሰማ ሲቆይ እግሬ አልነሳ ይለኛል፣ ልጆቹን ዝም በሉ እላለሁ። አሁን ከድመቷ ጋር ሲነታረኩ ይሰማኛል፣ ቢስሚላህ ብዬ ሄጄ እከፍታለሁ። ሬዲዮዎን እንዳይዘጉት።»